ሐሙስ ጠዋትን ለልጆች ያስከበሩት የወ/ሮ ደብሪቱ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ደብሪቱ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ባልቻ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዬ ዳና በቀድሞው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በወላይታ አውራጃ፣ በቦዲቲ ከተማ መስከረም 19 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የበሬና የፍየል ቆዳ እየገዙ ወደ ፋብሪካ የሚልኩ ነጋዴ ስለነበሩ፣ ያደጉት በጨው የታሸ ቆዳ በተከመረበት ግቢ ነው። ወደ ግቢው የሚገባ እንግዳ አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እስከ እርጅናቸው ድረስ ያን ሽታ ባሸተቱ ቁጥር አባታቸውን ያስታውሱ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ይኖሩ ወደነበሩት አክስታቸው በመምጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1972 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1974 ዓ.ም. ተመረቁ። መጀመሪያ በይርጋለም ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም በሐዋሳ የሳይንስ መምህርት ሆነው አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸው ቲቸር ደቤ ይሏቸው ነበር። እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ስለሚያውቃቸው ቁጡ አልነበሩም ብለን አንዋሽም። ሰነፍ ተማሪን ግን ንቀው አያውቁም። የሚንቁት ሳይገባው ገባኝ የሚለውን ነበር። ይህ ጠባያቸው ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

በ1978 ዓ.ም. በመናኸሪያ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከነበራቸው ከአቶ አልአዛር ኤርጊቾ ጋር በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ጌታም ሩሀማን፣ ኤልናታንንና ሐዳሳን ሰጣቸው። አቶ አልአዛር እስካረፉበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በፍቅርና በክርክር አብረው ኖረዋል። ክርክሩን የጀመሩት እርሳቸው እንደነበሩ ባለቤታቸው ለሁሉም ይናገሩ ነበር፤ የሚያሸንፉትም እርሳቸው እንደነበሩ ሳይነገር ይታወቅ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. በሐይቁ አቅራቢያ አንድ ማኅበር ወደሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ሙዚየም ተዛውረው የትምህርትና የጉብኝት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ሙዚየሙ ያን ጊዜ ቆዳቸው ተሞልቶ የተሰፉ ጎሽ፣ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ጅብ፣ የጉማሬ ራስ ቅልና በዓሣ ገበያው ሁሉም የሚያባርረው መላጣ ትልቅ ወፍ አባ ኮዳ የቆሙበት አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። በሩ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ወ/ሮ ደብሪቱ ጽሑፉን ሳይነቅሉ ሐሙስ ጠዋትን ለትምህርት ቤቶች አደረጉና ቀንድ፣ ጥርስና ላባ በሳጥን አዘጋጁ። ልጆቹ በቧንቧው እጃቸውን ታጥበው፣ የሳጥኑን እየነኩ፣ የቆመውን እያዩ ይማሩ ነበር። ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚወጣ ልጅ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ አንዱ ልጅ አባ ኮዳ ለምን ራሱን ተላጨ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጓደኛው ቀድሞ «ወታደር ስለሆነ ነው» ብሎ መለሰ። ሌሎቹ ሲስቁ እርሳቸው «ሥጋ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲከት ላባው እንዳይጨማለቅበት ነው። እናንተስ ሽሮ ስትበሉ አፍንጫችሁን ትነክራላችሁ እንዴ?» አሉ። ያን ቀን ከክፍሉ የወጡት ልጆች በዓሣ ገበያው አባ ኮዳ ላይ ድንጋይ መወርወር መተዋቸውን የአካባቢው ሰዎች መስክረውላቸዋል።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ሰሞን ደግሞ ከበዓሉ ሜዳ ከጉዱማሌ የሚመለሱ አባቶችን እየለመኑ ወደ ሙዚየሙ ያስገቡ ነበር። አባቶች ሐይቁ ዳር ጉማሬ የእርሻ ማሳ ሲበላ እንዴት ያባርሩት እንደነበር በሲዳምኛ ሲናገሩ፣ ልጆቹ ለወ/ሮ ደብሪቱ ወደ አማርኛ ይተረጉሙላቸዋል። የተሳሳተውን ልጅ ሌላው ያርመዋል፤ አባቶችም ሁሉንም ያርሟቸዋል። ክፍሉ የሚሞላው እንደዚህ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሙዚየሙ ቦርድ መናገር ግድ ይሆናል። የእርሳቸው ዕድሜ ብዙው ቦርድ በመጠበቅ ያለፈ ስለሆነ፣ ቦርዱን ዘለን ብናልፍ ታሪካቸው ይጎድላል። የሰብሳቢውን ስም ግን አንጠራም፤ ስማቸውን ሲያስጠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ዛሬ እንኳ ይረፉ ብለን ነው። ቦርዱ ለሙዚየሙ ብዙ ስብሰባ አድርጓል። የአካባቢ ጥበቃ ቀን፣ የሙዚየም ቀን፣ የወፎች ቀን ሲሆን ባነር ያሰቅላል፤ ከባነሩ ፊት ይቆማል፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ወፉን ሳያይ ይሄዳል። ወ/ሮ ደብሪቱ እነዚህን ሰዎች ጎብኚ ብለው አያውቁም፤ «ተጋባዦች» ነበር የሚሏቸው።

በ2011 ዓ.ም. ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ቦርዱ እንስሳቱ አቧራ ይዘዋልና ይጽዱ ብሎ አዘዘ። ወ/ሮ ደብሪቱ ያን ሳምንት ለዘመድ ሠርግ ቦዲቲ ነበሩ። ሲመለሱ ጉሬዛው፣ ጅቡና ድኩላው በኦሞ ታጥበው፣ በጎማ ውኃ ተለቅልቀው፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው አገኟቸው። ቆዳ ነጋዴ ቤት ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቆዳው ተኮማተረ፤ ስፌቱ ተከፈተ፤ የጉሬዛው ነጭ ጸጉር በእፍኝ ይነቀል ጀመር፤ የጅቡ አንድ ጆሮ ወደቀ። ትልቁ እንግዳ መጥተው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሰብሳቢው በዚያ ሁሉ መካከል ክፍሉ ውስጥ ሽቶ እንዲረጭ አዘዙ። ወ/ሮ ደብሪቱ የወደቀውን ጆሮ ይዘው «እነዚህ እንስሳት አንዴ በጥይት ሞቱ፤ አሁን ደግሞ በሳሙና» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የተበላሹት እንስሳት ወደ መጋዘን ተወስደው ክፍሉ ግማሹ ባዶ ሆነ። ባዶ ወለል ሲታይ ሌላ ሰው እንስሳቱን እንዴት እንተካ ይል ይሆናል፤ ቦርዱ ግን ወንበር ገዛ። ሙዚየሙ አዳራሽ ተባለና ለቀለበት፣ ለምርቃት፣ ለልደት፣ የጤና ሻይ ለሚሸጡ ሰዎች ስብሰባ መከራየት ጀመረ። በጎሹ ቀንድ ላይ ፊኛ ታሰረ። ከነበሩት ሁሉ ትዕግሥተኛው ጎሹ ሆኖ ተገኘ።

ወ/ሮ ደብሪቱ ስለ ፊኛው አልተከራከሩም። የተከራከሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስድስቱን ቀን ውሰዱት፤ ሐሙስ ጠዋትን ለልጆቹ ተዉልኝ» አሉ። ሰብሳቢው «እትዬ ደብሪቱ፣ ልጆች እኮ ያቆሽሻሉ» ቢሏቸው፣ «ሠርገኛስ ጠርጎ ነው የሚወጣው?» ብለው መለሱ። ከብዙ መመላለስ በኋላ ሐሙስ ጠዋት በቃል ተፈቀደላቸው። በቃል መሆኑ ቤተሰቡን አሳስቦ ነበር። እርሳቸው ግን የአዋቂ ሰው ቃል ይበቃል ብለው አመኑ። በሕይወታቸው የተሳሳቱት እዚያ ላይ ይመስለናል።

በጡረታ ከተገለሉ በኋላም ሐሙስን በነፃ ማገልገላቸውን ቀጠሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ቦርዱ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጀላቸው። ፕሮግራሙን የያዘው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለምን ሐሙስ ተብሎ ሲጠየቅ ሰብሳቢው «ሐሙስ ከሆነ እርሳቸው በምንም አይቀሩም» አሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከዚያ ቦርድ በስተቀር ከማን ራስ ይወጣል? ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ደረቡላቸው። ሰብሳቢው፣ ወ/ሮ ደብሪቱ ለሕፃናት ስላላቸው ፍቅር ከወረቀት ማንበብ ጀመሩ። በዚያው ሰዓት ከከተማው ውጭ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት በአይሱዙ የመጡ ልጆች ከመምህርታቸው ከፌቨን ጋር በር ላይ ቆመው ነበር። ጥበቃው አቶ ደበሌ ዛሬ እንግዳ አለ፣ ልጅ አይግባ ተብለው ነበርና ከለከሏቸው።

ወ/ሮ ደብሪቱ የልጆቹን ድምፅ በመስኮት ሰሙ። ከመድረኩ ተነሥተው ካባውን እንደ ደረቡ ወጡ። አቶ ደበሌ «እማማ፣ እንዳታስገባ ብለውኝ እኮ ነው» ቢሏቸው፣ «አንተን መች ያዝኩህ፤ ሳጥኔን ብቻ አምጣልኝ» አሏቸው። ከበሩ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ካባውን አውልቀው መሬት ላይ አነጠፉና ቀንዱን፣ ጥርሱንና ላባውን በላዩ ደረደሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ካባውን እየዳሰሰች «ቲቸር፣ ንግሥት ነሽ?» አለቻቸው። «ቅድም ውስጥ ነበርኩ፤ አልተመቸኝም» አሏት። ሰብሳቢው ወጥተው «እትዬ፣ እንግዶች እየጠበቁ ነው፤ ኬኩም አልተቆረሰም» አሉ። እርሳቸውም ከልጆቹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «እናንተ ቁረሱት፤ ቢላዋ መያዝ አያቅታችሁም» አሏቸው። ገብተው ቆረሱት፤ የተዘጋጀላቸው እርሳቸው በሌሉበት አጨብጭበው በሉት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሐሙስ ጉብኝት ለጊዜው ቆሟል ተባለ። ምክንያቱ እድሳት ነው ተባለ፤ እድሳት ላይ ባለው አዳራሽ ግን ሠርግ አልቀረም። ወ/ሮ ደብሪቱ ሳጥናቸውን በባጃጅ እየጫኑ በየትምህርት ቤቱ መሄድ ጀመሩ። ልጆቻቸው ይህም አገልግሎት ነው፣ ሰዎቹን ተያቸው ብለው ሲያጽናኗቸው አልተቀበሉም። «ቀንድ በሳጥን ያየ ልጅ ጎሽ አላየም። አጠገቡ ቆሞ ቁመቱን ከደረቱ ጋር ካልለካ ምን አየ?» ይሉ ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ ቦርዱ ቢሮ ሄደው በሩ ለልጆች መቼ እንደሚከፈት ይጠይቁ ነበር። በየሳምንቱም ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባሉ ነበር። ማታ ማታ በጸሎታቸው የቦርዱን አባላት በየስማቸው ይጠሩ ነበር። ምን ብለው እንደሚጸልዩላቸው ሲጠየቁ «ያ በእኔና በጌታ መካከል ነው» ይሉ ነበር።

ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተዋል። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ሰብሳቢው ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። አዳራሹ በስማቸው እንዲሰየም ቦርዱ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን አበሠሯቸው። ወ/ሮ ደብሪቱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ሐሙስ ልጆቹ ይገባሉ?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «እሱ በሂደት የሚታይ ነው» አሉ። «እንግዲያው ስሜን ተዉልኝ። ልጆቼ በማይገቡበት ቤት ስሜ አይጻፍ» አሏቸው። ሰብሳቢው ቀልድ የሰሙ ይመስል ሳቁ። ከመሄዳቸውም በፊት ከአልጋው አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ወ/ሮ ደብሪቱ ወልደጻድቅ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሆነው እየዘመሩላቸው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ወዳጅ ዘመዶቻቸውና ያስተማሯቸው ልጆች፣ ብዙዎቹም ዛሬ የልጆች ወላጆች ሆነው በተገኙበት በወንጌላውያን መካነ መቃብር ይፈጸማል።

የቦርዱ ተወካዮች ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ከቀብር መልስ ቤተሰቡ በአዳራሹ በር ላይ ሪባን እንዲቆርጥ ጠይቀዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሩሀማ እናቷ ያሉትን ስትነግራቸው «ታፔላው እኮ ተሠርቷል!» ብለው ተገረሙ። ከሟች ቃል ይልቅ የደረቀ የታፔላ ቀለም ይበልጣል ብለው የሚያስቡ ሰዎች በመሆናቸው መገረማቸው እኛን አላስገረመንም። ስለዚህ ቤተሰቡ በዚህ ጉባኤ ፊት ያሳውቃል፦ ሪባን አንቆርጥም። የወ/ሮ ደብሪቱ ወልደጻድቅ ስም በዚያ በር ላይ እንዲሰቀል አልፈቀድንም። ልጆች በሐሙስ ጠዋት በዚያ በር የገቡ ዕለት ቦርዱ መጥቶ ይጠይቀን፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እስከዚያ ታፔላውን ያሠሩት ሰዎች ቤታቸው ያስቀምጡት።

ወ/ሮ ደብሪቱ የሦስት ልጆች እናት፣ ሃሴትን ጨምሮ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ መዓዛ ወልደጻድቅም በሐዘን ከኛ ጋር ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ ሐኪሞች፣ ለጎረቤቶች፣ ለዕድሩ አባላት፣ ለአጥቢያችን ምእመናን፣ ዛሬም ሥራቸውን ትተው ለቀብር ለመጡት ለአቶ ደበሌና ተማሪዎቿን ይዛ ለመጣችው ለመምህርት ፌቨን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

በታማኝነት ያገለገሉት ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ በሩን ከፍቶ የሚያስገባ እርሱ ነውና አንሰጋም። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ያጽናና። የቦርዱን አባላትም እርሳቸው በየስማቸው ይጠሯቸው ስለነበር እኛም አንረሳቸውም፦ ጌታ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ አንድ በር ለመክፈት ብዙ ዓመት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸውና። አሜን።