ያልነበረው የሐሞት ጠጠር ጉዳይ

ለተከበሩ ዶክተር፣ የክሊኒኩ ባለቤትና ዋና ቀዶ ሐኪም
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ዶክተር፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ስልክ የምታነሣው ትሑት እህታችንም፣ በእንግዳ መቀበያ ያለው ነጭ ሶፋችሁም ሳይቀር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እምብርቴ ካለበት ቦታ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስምዎን ያልጻፍኩት በንቀት እንዳይመስልዎ። እናንተ ፎቶዬን በገጻችሁ ላይ ስትለጥፉ ለክብሬ ስትሉ ጭንቅላቴን ቆርጣችሁ ስለጣላችሁልኝ፣ እኔም ውለታ ለመመለስ ያህል ስማችሁን ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ምናልባት ከአንገት በላይ ያለውን ስለማያስታውሱት ራሴን ላስተዋውቅ። ዕንባቆም እባላለሁ፤ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ደብዳቤ የገቢና የወጪ ቁጥር ስሰጥ ኖሬ፣ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በቤተክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነኝ። ሰው ሲጠመቅ ወንዙ ውስጥ ቆመው ግራና ቀኝ ከሚይዙት ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ መቶ አርባ ስድስት ኪሎ በነበርኩበት ዘመን ማለቴ ነው። ያኔ አላፍርም ነበር። እህቶች "ጋሽ ዕንባቆም ከያዘን ጎርፍም አይወስደን" እያሉ ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቅ ነበር።

ስኳሬ ከፍ ብሎ ሐኪም ሲያስፈራራኝ፣ ቢሮ በእግሬ እየሄድኩ፣ ቆጮና ቅቤውን በዓይኔ ብቻ እየበላሁ በሁለት ዓመት ስልሳ አራት ኪሎ ቀነስኩ። ኪሎው ሄደ፤ ቆዳው ግን እኔ ጋ ቀረ። የሰው ኮት እንደለበሰ ሰው በገዛ ቆዳዬ ውስጥ እዋልል ጀመር። በዚያ ዓመት ለጥምቀት ወንዝ ገብቼ ስወጣ እርጥቡ ጋውን ተለጥፎብኝ የሆዴን እጥፋት አንድ በአንድ አሳየው፤ ከዘማሪዎቹ አንዷም እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ። ምናልባት ብርድ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወገቤን ያመኛል እያልኩ ውኃ አልገባሁም።

የሆዴንና የደረቴን ትርፍ ቆዳ ላስቆርጥ ወደ እርስዎ የመጣሁት እንግዲህ ለቁንጅና አልነበረም። ልጄ አቢጋኤል ስትጠመቅ ውኃው ውስጥ ቆሜ እንድይዛት ነበር። ይህንኑ በመጀመሪያው ቀን ስነግርዎ "እንደ አዲስ ነው የምንሠራዎት" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኛል። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እምብርቴን ከመካከል ወደ ግራ ሁለት ጣት ስላዛወሩልኝ አመሰግናለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ዝውውር ስንት ዓመት ደጅ እንደሚያስጠና ለማውቀው ለእኔ፣ ሳላመለክት በአንድ ጠዋት መፈጸሙ ቀላል ነገር አይደለም።

2ኛ. ጠባሳው ከጎን እስከ ጎን ከዞረ በኋላ ጫፍና ጫፉ ላይ ስላስቀሩልኝ ሁለት የቆዳ ቋጠሮዎች አመሰግናለሁ፤ ሱሪዬን ይይዙልኛል። የቀኝ ደረቴ ተወጥሮ የግራው እንደ ድሮው መውረዱም ሳይታሰብበት የቀረ አይመስለኝም። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ መሠራቴ በምን ይታወቅ ነበር? ሆዴም ደንዝዟልና ትኩስ ሻይ ሲደፋብኝ ከሸሚዜ በቀር የሚጎዳ ነገር የለም።

3ኛ. በመጀመሪያው ወር ስደውል "እብጠት ነው፣ ይወርዳል" ተባልኩ። በአራተኛው ወርም እብጠት ነበር። በአሥረኛው ወር ሌሊቱን በመኪና ተጉዤ ስመጣ፣ እርስዎ ራስዎ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ "ችግሩ ቆዳዎ ነው፤ ተባባሪ አይደለም" አሉኝ። ተባባሪ ያልሆነ ሠራተኛ በዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ለቆዳ የተጻፈ ግን መዝገብ ቤታችንን ባገላብጥ አጣሁ።

4ኛ. በገጻችሁ ላይ በግራ በኩል "በፊት" ብላችሁ ያን የተንጠለጠለ ሆዴን አውጥታችኋል። በቀኝ በኩል "በኋላ" ከሚለው ሥር ነጭ ባዶ ቦታ አለ፤ "በቅርቡ ይጠብቁ" ይላል። ይኸው አሥራ አራት ወር ጠበቅኩ። ክቡር ዶክተር፣ እምብርቱንም ቋጠሮውንም ችዬው ነበር፤ አንጀቴን ያሳረረው ያ ባዶ ቦታ ነው። እኔ በገላዬ አፍሬ ለመኝታ እንኳ ካኒቴራ ሳላወልቅ፣ ባለቤቴ ገነቴ ፊት ሳይቀር መብራት እያጠፋሁ ኖሬያለሁ። የሠራኝ ሰው ራሱ አፍሮብኝ ሲደብቀኝ ግን ከዚህ ወዲያ ማን ፊት እቆማለሁ ብዬ ነው?

5ኛ. አምስተኛው የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ወደ እናንተ ስመጣ ለቤተክርስቲያን የነገርኩት የሐሞት ጠጠር ላስወጣ ነው ብዬ ነው። ሽማግሌው ለሆዱ ቆዳ ብሎ ቢላዋ ሥር ተኛ ከምባል ሐሞት ይሻለኛል አልኩ። እነሱ ግን ሦስት ቀን ጾሙልኝ። በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት የምስጋና ፕሮግራም ተያዘልኝና የጸሎት ቡድኑ መሪ እትዬ አስናቀች ደውለው "ጠጠሩን ይዘህ ና፣ እግዚአብሔር ያደረገውን ሕዝብ ይየው" አሉኝ። እኛ ዘንድ ሐሞቱን የተሠራ ሰው ጠጠሩን በብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣ አላውቅም። ምን ላድርግ? ሰፈራችን ውስጥ ከኮብልስቶን ሥራ ከተረፈው ክምር ባቄላ የምታክል ጠጠር መረጥኩ፤ በሳሙና አጠብኩና የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ።

ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሃሌ ሉያ ተባለ፤ ያለቀሱም ነበሩ። አቢጋኤል ጋ ሲደርስ ትንሽ ያዘችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አጠገቧ ላለው ሰው አሳለፈችው። እኔ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

ለካ ፎቶዬን አይታዋለች። እኔ ገና ከአልጋ ሳልነሣ ለጥፋችሁት ኖሮ፣ ጭንቅላት የሌለውን ሰውዬ ከጡቱ ሥር ባለችው ጥቁር ምልክት ለይታ አባቷ መሆኑን አውቃለች። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ባለፈው ወር ለመጠመቅ የተዘጋጁት በሽማግሌዎች ፊት ሲጠየቁ፣ ንስሐ ያልገባሽበት ነገር አለ ወይ ብትባል አለ አለች። ምንድን ነው ብትባል አልናገርም አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለች ልጅ ዝም ስትል ሰው ምን እንደሚጠረጥር አልነግርዎትም። ጥምቀቷ ተላለፈ፣ ሹክሹክታው ገበያ ደረሰ። ሽማግሌዎቹም እኔኑ አብሬያቸው የማገለግለውን ጠርተው "ወንድም ዕንባቆም፣ ልጅህ ምን ደበቀች?" አሉኝ። እጠይቃታለሁ ብዬ ወጣሁ። አፈር በበላሁ! ደግሞ በየትኛው ፊቴ እንደሆነ እንጃ፣ ጠየቅኋት። "አባዬ፣ ጠጠሩን ይዤ አሳልፌያለሁ እኮ" አለችኝ። "የአንተን እኔ ልናገርብህ አልችልም። ሳልናገር ደግሞ አልጠመቅም።" ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ፣ ክቡር ዶክተር፣ ይህን ደብዳቤ ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳፈር ብዬ አይደለም። ለእርስዎ ብቻ ቢሆን በፖስታ አሽጌ እልከው ነበር። እርስዎ የሳቱት ሁለት ጣት ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያጣመምኩት እኔ ነኝ። የመጪው እሑድ ጥምቀት ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ባለው ወንዝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ይህ ከተነበበ በኋላ ሽማግሌነቴን ስለማስረክብ ልጄን ውኃው ውስጥ የሚይዛት ሌላ ሰው ነው። እኔ ፎጣ ይዤ ዳር እቆማለሁ። ለዚያ ብዬ ነበር እኮ የተቀደድኩት።

ለቢላዋዎ ብርታትን፣ ለመስፊያዎ ቀጥተኛ መስመርን፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ደግሞ ተባባሪ ቆዳን እየተመኘሁ፣ ምስጋናዬ እንደ እብጠቴ ፈጽሞ የማይወርድ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ዕንባቆም ኤርሱሞ
(ፊርማ)
ሆሳዕና

ግልባጭ፦
ለቤተክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ፦ አቢጋኤል የደበቀችው እኔን ነው። እሑድ ትጠመቅልኝ።
ለእትዬ አስናቀች፦ ለምስክርነት ብለው ወስደው ቴሌቪዥንዎ አጠገብ ያስቀመጡት የመንገድ ጠጠር ነው። እባክዎ ይጣሉት። የጾሙልኝን ሦስት ቀን ግን በምን እንደምመልስ አላውቅም፤ ይቅር ይበሉኝ።
ለልጄ ለአቢጋኤል፦ ቀድመሽ ስለምታውቂው ለማስታወሻ ያህል።

ማስታወሻ፦ ለዚያ ባዶ ቦታ ፎቶ ያጣችሁ እንደሆነ ይህን ደብዳቤ ልትለጥፉበት ፈቅጃለሁ። "በኋላ" ማለት ይኸው ነው። አደራችሁን፣ ከግርጌ ያለውን ስሜን እንዳትቆርጡት፤ ይህኛው ጭንቅላት አለው።