ሰውዬህና የቀረው ምዕራፍ

መኩዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካረፍክ ዓመት ሞላህ እኮ! እኔ ደክሞኛል። ከዚህ ሌላ ወሬ የለኝም ብል ደስ ባለኝ፣ ግን አለኝ።

የፓርክዴሉን ቤት ልለቅ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆየ፣ ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው። ሳራ ኢቶቢኮ ካለው ቤቷ ሥር ያለውን ቤዝመንት አዘጋጅታልኛለች። ልጅህ ደግ ናት፤ ግን ቦታ ስለማይበቃን ወረቀትህን ሁሉ ሪሳይክል ውስጥ እንጣለው ትለኛለች። እኔ በቁሜ እያለሁማ አይሆንም!

ታክሲህን አቁመህ ስትገባ፣ እራትህ እየቀዘቀዘ፣ ስለዚያ የሳውዝ ካሮላይና የምክር ቤት አባል ስትጽፍ ኖርክ። ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ተመርጦ፣ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈት ብሎ የተሟገተ ሰው። እኔ «ሰውዬህ» ነበር የምለው። የተመረጠበትን፣ የተናገረበትን ሁሉ ጻፍክ። ነጮቹ በጠመንጃ አስፈራርተው ከወንበሩ ያስነሱበት ጋ ስትደርስ ግን እጅህ አልሄድ አለ። ነገ፣ ነገ እያልክ ታመምክ።

በሙት ዓመትህ ደግሞ ጉድ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ቤት ሲመጣ፣ የሰውዬህ ፎቶ ካንተ ፎቶ ጎን እንደተሰቀለ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ዓይናቸው ደክሟል፤ አባትህ መሰላቸው። ግንባራችሁ አንድ ነው እያሉ አለቀሱለት፤ ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። ላስረዳ አልኩና ማን ያስረዳል ብዬ ተውኩት። ደግሞስ ያንን ምስኪን ማን አልቅሶለት ያውቃል? እኔም አለቀስኩለት።

በማግስቱ ጽሑፍህን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አግብቶ ነበር ብለኸኝ ነበር፤ ሚስቱ ግን አንድም ቦታ የለችም። ያን ሁሉ ዘመን ሲሟገት ሸሚዙን ማን አጠበለት? ተናደድኩብህ፣ እውነቴን ነው።

ስለዚህ ያቃተህን ምዕራፍ እኔ ጻፍኩት። አጭር ነው፤ አማርኛዬም እንዳንተ አያምርም። ከምክር ቤት አባረሩት፣ ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ አናጢነት ተመለሰ። በር የከፈተችለት ሚስቱ ናት። ውሃ አቀረበችለት፣ ጫማውን አወለቀችለት። ይሄን ከየትም አላገኘሁትም። ግን ከታክሲው በፊት ከነበረህ ሥራ ያስወጡህ ቀን በር የከፈትኩልህ እኔ ነበርኩ።

ለሳራ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የአማርኛው ፊደል ያስቸግራታል። ስጨርስ ወረቀትህ የታጨቀባቸውን ካርቶኖች ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው አንድ በአንድ ተሸክማ መኪናዋ ውስጥ አስገባች።

አንተን መርሳት አልችልበትም፣ የኔ ጌታ፤ እስክንገናኝ ድረስ አስብሃለሁ። እኔን ደግሞ የሚያስበኝ እንዳይጠፋ፣ የጽሑፍህ ሽፋን ላይ ስሜን ከስምህ ጎን ጻፍኩት።

ያንተው ወይንሸት