ለስልኩ የነገርኩት ቃል

መስከረም 18
የምዝገባ ሰሞን። ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ፎርም ስሞላ ዋልኩ። ጣቴ ደነዘዘ።

ስልኬ ላይ ያለው፣ ስነግረው የሚጽፍልኝ ረዳት ፕሮግራም ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከእንግዲህ የምትነግሪኝን ላስታውስ? እሺን ተጫንኩ። "ትሕትና እባላለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ..." እያልኩ ሁልጊዜ ከሀ መጀመር ሰልችቶኝ ነበር። ግልግል!

ከሥራ ስወጣ የኔታ አካለ ወልድን አገኘኋቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። የድሮ ተማሪዎቻቸው የላኩላቸው ደብዳቤ አንድ ካርቶን ሙሉ አለ። "ዜማ ሥራ ውላ ደክሟት ነው የምትገባ። ማን ያንብብልኝ ልጄ?" ዜማ ልጃቸው ናት። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ የኔታ! በየሳምንቱ እየመጣሁ አነብልዎታለሁ።" መረቁኝ። ደስ ስላለኝ ለስልኩም ነገርኩት።

ጥቅምት 9
አልሄድኩም። በሚቀጥለው ሳምንት።

ኅዳር 27
የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው። በከዘራቸው መንገዱን እየነካኩ... መንገድ ቀየርኩ። ዓይናቸው እንደማያየኝ እያወቅኩ! ከማን ነው የተደበቅኩት?

የካቲት 6
የኔታ ታመዋል። ሳምባ ነው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቅ ይመላለሳል። እኔ አምስት ወር ቃሌን በልቼ፣ አሁን ብርቱካን አንጠልጥዬ ምን ብዬ ልግባ?
ነገ እሄዳለሁ።

የካቲት 11
አልሄድኩም።

የዕድሩ ሰብሳቢ እትዬ አመተ ሥላሴ ቢሮ ድረስ መጡ። "የኔታ ዛሬ ነገ ናቸው። ታሪካቸውን ከወዲሁ አዘጋጂ፤ እንዳለፈው እንዳታዋርጂን።" ያለፈው... በጥድፊያ ስጽፍ የሟችን ታናሽ ወንድም አብሬ ገደልኩት። ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲነበብ ሰማ።

ከምሳ በኋላ ታሪካቸውን እንዲጽፍልኝ ከስልኩ ጋር ተቀመጥኩ። የነገርኩትን ሁሉ ይዞልኛል። "ቀ" አልወጣልህ ያለውን ልጅ ከመምታት ይልቅ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ይሰጡት እንደነበር እንኳ አልረሳም። ሳነብ አለቀስኩ። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል... "ዓይናቸው በደከመ ጊዜ ተማሪያቸው ትሕትና በየሳምንቱ እየሄደች ደብዳቤዎቻቸውን ታነብላቸው ነበር።"

የመስከረሙን ወሬዬን እንደተደረገ ነገር ቆጥሮታል! ምን ያድርግ፣ አመነኝ። ማጥፋት ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተውኩት። ያምር ነበር። አተምኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መጋቢት 20
የኔታ ድነዋል! ትናንት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ አሉ። ተመስገን።
ደስ ሊለኝ ሲገባ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ።

መጋቢት 25
ዜማ ቢሮ መጣች። ዓይን የሚያክሙ ሐኪሞች ሊመጡ ነው፣ ለአባቷ የማመልከቻ ደብዳቤ ፈልጋ። "አንቺ ትችይበታለሽ ብለውኝ ነው።" ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት። "የአባትሽን ስምና የምትፈልጊውን ንገሪው፣ እሱ ይጽፈዋል።" ዳይሬክተሩ ጠሩኝና ወጣሁ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም።

ስመለስ ቆማለች። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው፤ የአባቷን ስም ስትነግረው የመለሰላት ይህን ነው።

"በየኔታ አካለ ወልድ ማረፍ ከልብ አዝናለሁ። ለቀብራቸው ያዘጋጀነው የሕይወት ታሪክ እንዴት ሆነ?"

ዜማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ያን ሁሉ ቀን አልጋ ላይ ሲተኙ አንድ ቀን ብቅ አላልሽም። ለካ ቀብረሻቸው ኖሯል።" ደብዳቤውም ሳይጻፍ ሄደች።

መጋቢት 26
ስለ የኔታ የያዘውን ሁሉ ከስልኩ አጠፋሁ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። "እሺ፣ ረስቼዋለሁ" አለኝ።
ለእኔስ እንዲህ ማን ይጫንልኝ? ቦርሳዬን መክፈት አስጠላኝ። ወረቀቱ እዚያው አለ።

ሚያዝያ 2
ዜማ ነግራቸው የኔታ ላኩብኝ። "ወረቀቱን ይዛ ትምጣ" ብለዋል።

ዜማ በሩን ከፈተችልኝ፣ ሰላምታዬን ግን አልመለሰችም። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ..."

"መጀመሪያ አንብቢው። የራሱን የሚሰማ ስንት ሰው አለ?"

አነበብኩ። ቆሎው ላይ ስደርስ ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳል ሆነ። "ይሄን ታስታውሻለሽ?" አሉ። ከዚያ መጨረሻው ጋ ደረስኩ። ዘልዬው ብሄድስ? አያዩትም... ይህን አሰብኩ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን አሰብኩ! እንደምንም አነበብኩት።

ወደ ድምፄ ዞረው፣ በቀስታ፣ "ትሕትና የምትባል ሌላ ተማሪ ነበረችኝ እንዴ?"

"የለችም የኔታ። እኔው ነኝ። ዋሽቼ ነው።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እስክሪብቶ አውጥቼ መስመሩን ልሰርዝ ስል ድምፁን ሰሙ መሰለኝ፣ እጄን ፈልገው ያዙት። "ተዪው። ገና አልሞትኩም።" ወደ ዜማ ዞረው፣ "ያን ካርቶን አምጪላት" አሉ።

ሚያዝያ 9
ሄድኩ። ሦስት ደብዳቤ አነበብኩ። አንዱ ከመርጡለ ማርያም ነው፣ እሱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ዜማ አሁንም አታናግረኝም፤ ወንበሩን ግን ወደ መስኮቱ አስጠጋችልኝ። የማመልከቻውን ደብዳቤም እዚያው በእጄ ጻፍኩት።

ቤት ስገባ ለስልኩ ልነግረው አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት።

ወረቀቱ "በየሳምንቱ" ነው የሚለው። ዛሬ ገና አንዱ ነው።