በሕይወት ሳለሁ የተለቀሰልኝ ለቅሶ

እኔ ታከለ ዘውዱ፣ በቤር ሸቫ ከተማ በሽኩና ቫቭ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ በማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የምኖር፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ረቡዕ ሜይ 17 ቀን 2023፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ኢያር 26፣ በገዛ ሳሎኔ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ጸሐፊዬ ወይዘሮ ውባንቺ ናት። ጎንደር አስተማሪ ስለነበረች ፊደሏ የታረመ ነው፤ ጠባይዋም ማረም ይወዳል። በዚህ ክፍል የተባለው ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሳይቀነስ እንዲጻፍ አዝዣታለሁ።

በክፍሉ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ልጄ ሲቫን፤ የፊልም ባልንጀራዬና የክርክር ጠላቴ ስሜነህ፤ የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ ሽሙኤል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታኝ የተቀመጠችው ታላቅ እኅቴ ሸዋወርቅ። እኅቴ ከብርዱ ወራት ጀምሮ አታናግረኝም። ዛሬ የመጣችው ሲቫን ለምናት ነው፤ «እመጣለሁ፣ ግን አላየውም» ብላ ነው የመጣችው። ቃሏን ጠብቃ ግድግዳውን እያየች ነው። ይህ ኑዛዜ የዕቃ ክፍፍል ቢመስልም ነገሩ የእሷና የእኔ ነው። ስሞት ታለቅስልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ አልቅሳልኛለችና።

ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው። ስሜነህ፣ ውባንቺና እኔ አሮጌ የፊልም ካሴት እንሰበስባለን። ከሐሙስ ገበያ እንገዛለን፤ ከቆሻሻ ገንዳ ጎንም እናነሣለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በሕንፃችን ሚክላት፣ ሮኬት ሲመጣ በምንሸሸግበት ምድር ቤት፣ ተሰብስበን አንዱን እናያለን። የሰፈሩ ሌሎች ሽማግሌዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ እኛ ስለ ጥበብ እንሰዳደባለን።

ከካሴቶቹ አንዱ አዋረደኝ። ርዕሱን ፀሐይ በልታዋለች። የሚናገሩበትን ቋንቋ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ስሜነህ የፊንላንድ ነው ይላል፤ ፊንላንድ የት ናት ሲሉት ግን በእጁ ወደ ኩሽናው ያመለክታል። ታሪኩ ያለ ቋንቋም ይገባል። አንድ የቢሮ ሰው፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ አንድ ጠዋት ከረባቱን በር ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ሰው ወደሌለበት ምድረ በዳ ሄዶ የድንጋይ ጎጆ ይሠራል፤ ከወፍ ጋር ያወራል፤ ጢሙ ይረዝማል። ከዚያ በረዶ ይመጣል። በመጨረሻ ከጎጆው ደጃፍ ቀበሮ ቁጭ ብላ እናያለን፤ ሰውየው የለም። እኔ አለቀስኩ፤ ውባንቺ አላለቀስኩም ትላለች።

«ጉንፋን ነበረብኝ» ትላለች አሁንም። ጻፊው።

ቋንቋውን ስለማናውቅ የየራሳችንን ንግግር በሰውየው አፍ አደረግንለት። «ይህ ነፃ ሰው ነው» አልኩ እኔ። «ኅብረተሰብ ማለት ወረፋ ነው፤ እሱ ከወረፋው ወጣ።»

«ይህ ባለጌ ነው» አለ ስሜነህ። «ሳይሰናበት የሚወጣ ሰው ባለጌ ነው። ቀበሮዋ እንኳ ሳታስፈቅድ አልገባችም፤ ደጅ ቆየች!»

«ሚስቱን ማን ጠየቃት?» አለች ውባንቺ። እኛ ስለ ቀበሮዋ መከራከራችንን ቀጠልን።

ይህን ካሴት ደጋግመን አየነው። አንድ ማክሰኞ እኅቴ ልትጠይቀኝ ከምትኖርበት ከሽኩና ጊሜል መጥታ ሚክላቱ በር ላይ ቆማ መጨረሻውን አየች። «ሰው እያለው?» አለችና ወደ ላይ ወጣች። እኔ ወደ ስሜነህ ዞሬ «እታለም ፊልም አይገባትም» ብዬ ሳቅሁ። ይህ ሳቅ ዛሬ ሲታወሰኝ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

ባለፈው የብርድ ወራት ክርክሩ ጦፎ፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ሰው እወጣ ነበር አልኩ። ስሜነህ ክፉ ሳቅ ሳቀ። «አንተ? ከኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ወረፋ መውጣት የማትችል? የግፊት ክኒንህን ማን ሊያቀብልህ ነው፣ ቀበሮዋ?»

«እንዲህ አላልኩም» ይላል ስሜነህ።

«ብለሃል፤ እኔም ስቄያለሁ» ትላለች ጸሐፊዬ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ። ከረባት ስለሌለኝ ኮፍያዬን በሩ ላይ ሰቀልኩ፤ በዚህም የተነሣ ብርዱ በአናቴ ገባ። ስልኬን አጠፋሁ። ወደ ደቡብ የሚሄድ ኦቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ከኅብረተሰብ የሸሸሁት በአዛውንት ቅናሽ መሆኑ ይመዝገብ። ከአንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ወርጄ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ሄድኩ። ጎጆ ልሠራ ድንጋይ ደረደርኩ፤ ተናደ። ወፍ ፈለግሁ፤ የለም። ካሴቱን በደረቴ ይዤ ነበር፤ ማጫወቻ እንደማይኖር ግን አላሰብኩም። ሌሊቱን አልተርክም፤ ልጄ እየሰማች ነው።

ጠዋት አቡ ሰሊም የሚባል በዳዊ ዓረብ ፍየሎቹን ይዞ ሲያልፍ አገኘኝ። በዕብራይስጥ «ማን አባረረህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ልጅ የለህም?»

«ልጅ አለችኝ። እኅትም አለችኝ።»

ቆሞ አየኝና «ታመሃል» አለ። እውነቱን ነበር፤ እየነደድኩ ነበር። ቤቱ ወሰደኝ። ብቸኝነት ፍለጋ የወጣሁ ሰው፣ ስማቸውን ይዤ ካልጨረስኳቸው ሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል ተኝቼ ትኩሳቴን አስታመምኩ። አንዷ ትንሽ ልጅ ጣቷን ጆሮዬ ውስጥ ከትታ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

በዚህ መካከል ቤር ሸቫ ውስጥ የሆነውን ልናገር፤ መናገር የማልወደው ይህንን ነው።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ለብሰው ተከናንበው፣ ሰው ሳይወጣ በማለዳ በር ያንኳኳሉ። ያን ያየ ሰው ቃል አይጠብቅም። ስሜነህ ግን እኔ በመጥፋቴ ደንግጦ፣ «አሮጊት ሴት በስልክ አላስደነግጥም፤ ሄጄ ታከለን አይተሽዋል ወይ ብዬ በአክብሮት እጠይቃታለሁ» አለ። ብቻውን መሄድ ነውር መስሎት አባባ ሽሙኤልን አስከተለ። አባባ ሽሙኤል ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ጨመሩ። ብርድ ስለነበር ሁሉም ጋቢ ተከናንበዋል። ገና ጎህ ሲቀድ የእኅቴን በር አንኳኩ።

«እኔ ‹ደህና አደርሽ› ነው ያልኳት» ይላሉ አባባ ሽሙኤል።

«በዚያ ድምፅ ነዋ!» ይላል ስሜነህ። «እርስዎ ደህና አደርሽ ሲሉ የሰው ወገብ ይቆረጣል።»

«ድምፄ ነው ልጄ፤ ሌላ ከየት ላምጣ?»

በሩ አጠገብ ያለችው አልሳቀችም።

እኅቴ ጮኸች። ጎረቤት ሰማ። ሲቫን ከሥራ ጥላ መጣች። እስከ ቀትር በእኔ ሕንፃ ደጅ ድንኳን ቆመ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ ከነቲቮትና ከቂርያት ጋት ሰው በኦቶቡስ ጎረፈ። ስሜነህ «ኧረ መሞቱ አልታወቀም!» እያለ ሲጮህ፣ ኀዘን ያናወጠው ባልንጀራ ነው ብለው ደግፈው አስቀመጡት፤ ውኃም አጠጡት።

እኅቴ በዚህ ከተማ የታወቀች አልቃሽ ናት። ያን ቀን ያለችውን የነገሩኝ የሰሟት ናቸው። በእኔ ስም ጀመረች። ቆይታ ስሜን ተወችና የእናታችንን ስም መጥራት ያዘች።

እናታችን ወደ ሱዳን ስንወርድ በመንገድ ነው የቀረችው። በምድረ በዳ ቀበርናት። ሽፍታ በአቅራቢያችን ነበርና መሪያችን «እኅትህን ዝም አሰኛት» አለኝ። አፏን በእጄ ያዝኩ። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ አልለቀቅሁም። ከዚያ ወዲህ፣ እዚህ ከደረስን በኋላም፣ ለሰው ሁሉ ስታለቅስ ለእናታችን ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን የያዘችውን በእኔ ድንኳን አወጣችው። እኔ በዚያች ሰዓት የአቡ ሰሊምን ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

እንግዲህ ምድረ በዳ ለእኔ ፊልም፣ ለእሷ መቃብር ነው። «ሰው እያለው?» ያለችውን ቋንቋ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ አቡ ሰሊም በፒክአፕ መኪናው፣ ከፍየሎቹ ጋር ጭኖ፣ ድንኳኑ በር ላይ አወረደኝ። ስንቅነሽ የምትባል የነቲቮት ዘመዳችን ድስት ሙሉ ንፍሮ ይዛ ከኦቶቡስ ስትወርድ አየችኝ። እሰይም እግዜር ይመስገንም አላለችም፤ ድስቷን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች። እኅቴ ልብሷን ቀድዳ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ከድንኳኑ ወጣች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ያለኝን ጨርሻለሁ። ሁለተኛ አላለቅስልህም» አለች። ለእኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ይህን ካልኩ ወደ ክፍፍሉ ልግባ።

ሬሳዬ በቤር ሸቫ መቃብር፣ ሰው በሚበዛበት ረድፍ፣ ግራና ቀኝ ጎረቤት ባለበት ይቀበር። ዛፍ ያለበት ጸጥተኛ ጥግ ቢገኝ ለሌላ ይሰጥ።

ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ስለሆነ የማወርሰው ግድግዳ የለኝም። በውስጡ ያለው ዕቃ የሲቫን ነው። ልጄ ሆይ፣ ሳልሰናበትሽ ወጥቻለሁ፤ አንቺም አንድ ቀን የፈለግሽበት ሂጂ፣ ግን ተሰናብተሽ ሂጂ።

«አባ፣ ዳይ» ትላለች ሲቫን። ይበቃል ማለቷ ነው። ዓይኗን እየጠረገች ነው፤ እሱንም ጻፊ።

ካሴቶቼ ለስሜነህ፣ ማጫወቻው ለውባንቺ ይሁን። አንዱ ቤት ካሴት፣ ሌላው ቤት ማሽን ስለሚኖር ሳይገናኙ ማየት አይችሉም፤ ሆን ብዬ ነው። ያ ፊልም አሸዋ ገብቶበት ከእንግዲህ አይታይም፤ እሱም ለስሜነህ ይሁን። በክርክሩ እንዳልተሸነፍኩ ይታወቅልኝ፤ ያሸነፈኝ ብርዱ ነው።

«ይኸው! ሊሞት ሲል እንኳ አያምንም!» ይላል ስሜነህ።

ለአቡ ሰሊም አዲሱን ጋቢዬን። የሰጠኝን ብርድ ልብስ አልመለስኩለትምና ሲቫን ሁለቱንም ታድርስለት፤ ቁጭ ብላ ሻይም ትጠጣ።

ድንኳኔ ለመጡት ሁሉ፦ ለቅሶ ብድር ነው፤ የእኔን ከፍላችሁ ጨርሳችኋል። ሁለተኛ ኑ የምልበት ፊት የለኝም። ስንቅነሽ ንፍሮውን ለራሷ ትብላ።

አሁን ዋናው። «እኅቴ ሸዋወርቅ በሞቴ ቀን እንድታለቅስልኝ አዝዣለሁ» ብዬ አስጻፍኩ።

ውባንቺ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለቅሶ በኑዛዜ አይታዘዝም።»

«እለምናለሁ በዪ።»

«በኑዛዜ ልመና የለም፤ ይህ ማመልከቻ አይደለም።»

ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። «ውባንቺ፣ ለሰውየው ንገሪልኝ፤ ሰምቼዋለሁ።»

«ሌላስ ምን ልበለው፣ እማማ ሸዋወርቅ?»

«ሌላ የለም።»

ስለዚህ የፊተኛውን አሰርዤ ይህን አስጻፍኩ፦ እኅቴ ነፃ ናት። በቀብሬ ዝም ብትል፣ ባትመጣም፣ ማንም አይውቀሳት። በድንኳኔ የተለቀሰው የእናታችን ነው፤ ለእናታችን ይቆጠር። እኔ ያለ ለቅሶ ብቀበር ተበደልኩ አልልም። አንድ ጊዜ አፏን ይዣለሁ፤ ሁለተኛ ክፈቺ ብዬ አላዝም።

ውባንቺ አንድ ቃል ሳታርም ጻፈችው።

ለእኅቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ልስጥ አልኩ።

«ንገሪው፤ ከእሱ የምፈልገው ዕቃ የለም። ሰርዢው።»

ተሰረዘ። ወደ ፊርማው ደረስን። ምስክር እንዲሆኑ የተጠሩት አባባ ሽሙኤልና ስሜነህ ነበሩ። ሲቫን ግን ስልኳን እያየች «አባ፣ በሕጉ የሚወርስ ሰው ምስክር አይሆንም» አለች።

«እኔ ካሴቶቼን አልተውም!» አለ ስሜነህ።

«ማሽኑን እኔም» አለች ውባንቺ።

ተያየን። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ያለን አባባ ሽሙኤል ብቻ ናቸው። ያኔ የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማን። እኅቴ ተነሥታ ዞረች። «እኔ ምንም አልወረስኩ። እስቲ አንብቢልኝ፤ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

ሲቫን ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረቻት፤ «አባ ፊትሽ እንደፈረመ፣ አእምሮውም ጤነኛ እንደሆነ።»

«አእምሮው ጤነኛ ነው ብዬማ አልፈርምም። ምድረ በዳ የሄደን ሰው!» አለች። «በሕይወት አለ ብዬ ግን እፈርማለሁ። ጻፊ፣ ውባንቺ፤ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ በዪ።»

«ያልሆነ ነገር አልጽፍም» አለች ውባንቺ። «ዳስሰሽዋል?»

እኅቴ ክፍሉን አቋርጣ መጣችና መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች። ቆየች።

ይህ ቃሌ ነው፤ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ታከለ ዘውዱ

አንደኛ ምስክር፦ ሽሙኤል፤ ሁሉን ሰምቼ ፈርሜያለሁ። ከእንግዲህም በማለዳ የማንንም በር አላንኳኳም።

ሁለተኛ ምስክር፦ ሸዋወርቅ ዘውዱ፤ ወንድሜ ታከለ ዛሬ በሕይወት እንዳለ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ መስክሬያለሁ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ከፊርማው በኋላ ተናዛዡ ስለ ለቅሶው አንድ ቃል ልጨምር ብለው ነበር። ሁለተኛዋ ምስክር እጃቸውን ከተናዛዡ ግንባር ሳያነሡ «ዝም በል አንተ፣ ትኩሳት አለህ፤ ሹራብህ የት ነው?» ስላሏቸው ቃሉ ሳይጻፍ ቀርቷል። ውባንቺ።