«ባትሪ ተነቅሏል!»

ጥቅምት 4
አዲሶቹ መሣሪያዎች መጡ። መቁረጫው፣ መፈልቀቂያው፣ ረጃጅም ቱቦዎቻቸው... ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ የተቀረቀረ ሰው የምናወጣው በመጥረቢያ፣ በመጋዝና በእግዜር ቸርነት ነበር። ቀጮ መቁረጫውን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። «ለእህትሽ እንዳትነግሪያት፣ በላይዋ ላይ አግብቻለሁ» አለኝ። የእህቴ ባል ነው። እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። ሊያነሳው ሲሞክር ክብደቱ አጎበጠው፤ በሳቅ ሞትን።

ጥቅምት 9
ሥልጠና ጀመርን። ከብረታ ብረት ነጋዴ አሮጌ መኪኖች ተጎትተው መጥተው ግቢያችን ውስጥ ቆመዋል። ሞተርም ባትሪም የላቸውም፤ ነጋዴው የሚሸጠውን ሁሉ ነቅሎ ቀፎውን ነው የላከልን።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ይደገፋል፣ ኤርባግ ድንገት እንዳይፈነዳ ባትሪ ይነቀላል፣ መስታወት ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆረጣል። የቀጮ ድርሻ ባትሪው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ይልና «ባትሪ ተነቅሏል!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ከውስጥ «ተሰምቷል!» እላለሁ። ትንሽ ስለሆንኩ በመስኮት ሾልኬ ከተጎጂው ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለጊዜው ተጎጂያችን አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነው። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አሁን እናወጣሃለን» ስለው አሰልጣኙ እንኳ፣ ያ ኮስታራ፣ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ጥቅምት 23
ፈጥነናል። እንደ ጉድ! ቀጮማ ኮፈኑን መክፈትም ትቷል፣ ገና ከእሳት አደጋ መኪናችን ሲወርድ ይጮኻል። ምን ያድርግ? የሚነቀል የለ።

ኅዳር 2
መጻፍ አልችልም ዛሬ።

ኅዳር 5
ሆስፒታል ነኝ። በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው... መስመሩ ይጣመምብኛል።

የዛሬ ሦስት ቀን ጠዋት ነበር። አንዲት አስተማሪ፣ አዲስ የቤት መኪና፣ የጭነት መኪና ቂጥ ውስጥ ገብታለች። የተማሪዎች ደብተር አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። በቀኝ መስኮት ሾልኬ ገባሁና አጠገቧ ሆኜ ጭንቅላቷን ያዝኩ። «እግሬ አለ?» አለችኝ። «አለ፣ እያየሁት ነው» አልኳት። የት አይቼው!

ቀጮ «ባትሪ ተነቅሏል!» አለ። «ተሰምቷል!» አልኩ። መፈልቀቂያው ዳሽቦርዱን መግፋት ጀመረ። ቱቦውን ላስተካክልላቸው በፊቷ በኩል ወደ መሪው ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ... ነጭ። ድምፁን እንኳ አልሰማሁትም። በግጭቱ ሳይፈነዳ የቀረው የመሪው ኤርባግ ፊቴ ላይ ፈነዳ።

አስተማሪዋ ደህና ናት። ሁለት እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ከማዶው ክፍል ተኝታለች። የእኔ ግራ ጆሮ ታምቡሩ ተቀዷል። ዓይኔን ሐኪሙ «ገና ነው» ብሎኛል። ምን ማለት ነው ገና?

አለቃችን መጥቶ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ሲያሽ ቆየ። «ከፍተን አየነው። የባትሪው ካቦ እንደታሰረ ነው። ማንም አልነካውም» አለኝ።

ማንም አልነካውም? እኔ እኮ ውስጥ ነበርኩ! ቀጮ ዋሸኝ? ቀጮ? እኔን?

ኅዳር 8
እህቴ መጣች፣ ብቻዋን። ቀጮ እህል አይቀምስም አለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል አለች።
«ነቅያለሁ ነው የሚለው። ካቦው ሲላቀቅ እጄ ላይ ተሰምቶኛል ይላል።»
«እና ፊቴ ላይ የፈነዳው ምንድን ነው? ፊኛ?»
አለቀሰች። ሁለታችን መሃል ገብታ የምትሆነውን አጣች፣ የኔ ምስኪን። እኔ ግን በግኛለሁ። ይዋሽ፣ እሺ። ዋሽቶ ደግሞ ይምላል?

ኅዳር 19
የዓይኔ ፋሻ ተፈታ። አየሁ። ተመስገን። ግራው ጆሮ ግን እንደማይመለስ ቁርጡን ነገሩኝ።

ልብሴን ልወስድ ጣቢያ ሄድኩ። ሌላው ፈረቃ በአሮጌዎቹ መኪኖች ይለማመዳል። ባትሪ የምትነቅለው ሠራተኛ ኮፈኑን ከፈተች፣ ባዶው ጉድጓድ ላይ ጎንበስ አለች፣ ጮኸች። እኔ ደግሞ፣ ልብሴን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ... «ተሰምቷል!» አልኩ።

ክው ብዬ ቀረሁ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንለማመድ የነበረው መንቀል ሳይሆን መጮኽ ነው። እኔስ ኮፈኑ ሲከፈት ሳልሰማ፣ ሲነቀል ሳላይ ስንቴ «ተሰምቷል» ብያለሁ? ያን ዕለትም ብያለሁ።

አሰልጣኙን ጠራሁት። «ባትሪው የታለ?» አልኩት።
«መለማመጃ እኮ ነው፣ ባትሪ ምን ያደርግለታል?»
ከዚያ ፊቴን አየ። ጠባሳውን። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ኅዳር 20
እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተው ቀጮ ነው። ጺሙን ሳይላጭ፣ አጥንቱ ገጥጦ።
«አልዋሸሁሽም» አለኝ፣ ግቢ እንኳ ሳይለኝ።
«አውቃለሁ።»
«አሁንም እጄ ላይ አለ። ካቦው። እያበድኩ ነው?»
ትናንት ያየሁትን ነገርኩት። ራሱን ይዞ ሰማኝና ሲያበቃ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላልኩትም። ገና ከሆዴ አልወጣልኝም፣ ምን ላድርግ።

ታኅሣሥ 27
ሥራ ተመለስኩ። አሁን መለማመጃዎቹ ሁሉ ባትሪ አላቸው። አሰልጣኙ አንዴ ኮፈን ሥር፣ አንዴ ከኋላ ወንበር ሥር እየደበቀ «ፈልጉ» ይለናል። ዘገምተኛ ሆነናል። ማንም አልተናደደም። ውስጥ እንድገባ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልገባሁም።

ጥር 11
ዛሬ መንገድ ላይ። አንድ ሽማግሌ፣ የተጨፈለቀ ታክሲ፣ ለመግባት የሚበቃው ቀዳዳ የእኔ ልክ ብቻ። በቀዳዳው «አይዞዎት» ብያቸው ቀና ስል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ቀጮ «ባትሪ ተነቅሏል!» አለ።
አፌ ሊመልስ ሲል ያዝኩት። እግሬ አልንቀሳቀስም አለ።
«አሳየኝ» አልኩት። በሰው ፊት።

አልተቀየመም። ወይ ተቀይሞ ይሆናል፣ አላውቅም። ወደ ኮፈኑ ወስዶ የካቦውን ጫፍ ብድግ አድርጎ አሳየኝ። ነካሁት። ያም ሆኖ አልገባሁም፣ ቆምኩ። ሽማግሌው ከውስጥ «ልጄ፣ የት ሄድሽ?» አሉ። «መጣሁ አባቴ» አልኩና ገባሁ።

መቁረጡ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቀና ባልኩ ቁጥር ቀጮ እዚያው ኮፈኑ ጋ ነበር። «ልቀቀው እንጂ፣ ተነቅሏል እኮ» ይሉታል ጓዶቻችን። እሱ ወይ ፍንክች። እኔና ሽማግሌው እስክንወጣ ድረስ ካቦውን በእጁ ጨብጦ ቆመ።