ምስክርነትሽን አየሁት

አይ አክስቴ፣ «ሕጉ ነው የከለከለው፣ እኔ ምን ላድርግ» የሚለውን ለሌላ ሰው ንገሪ። ይልቅ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እናቴም አባትሽም ደህና ናቸው። አሰላ ዝናብ ነው፤ ልጅሽ ጋቢ ደራርቦ ነው የሚውለው።

ልጅሽ ስል ሌዊን ነው። አንቺ መክሊት ብለሽ ሴት ልጅ ወለድኩ አልሽ፣ እሱ ወንድ ነኝ፣ ሌዊ ነኝ አለ። አባትሽ ሁለቱንም ስም ሸሽተው «ያ ልጅ» ይሉታል። ሰውነቱን የወንድ ስለሚያደርግለት ሕክምና ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ምን አውቃለሁ? ጠቤ በዚያ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሶረቲ፣ ያቺ የቸርቻችን ዘማሪ፣ የምሠራበት ሞባይል ቤት መጥታ «አሜሪካ ያለችው እህታችን የሰጠችውን ምስክርነት ሚሞሪ ላይ ጫኚልኝ» አለችኝ። ከፈትኩት። አንቺ ነሽ። እናቴ የላከችልሽን ቀሚስ ለብሰሽ፣ የስቴታችሁ ሕግ አውጪዎች ፊት ቆመሽ፣ ሕክምናው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉት ይከልከል፣ የኔንም ልጅ አድኑልኝ ትያለሽ። ቀኑን አየሁት። ሕጉ ከመውጣቱ ሁለት ወር በፊት ነው።

እሱንስ ምን አልሽው? «ከለከሉን፣ አብረን እንታገላለን፣ እስከዛ አሰላ ዘመድ ጠይቅ።» አቅፈሽው አለቀስሽ አለኝ። ፈርተሽ ይሆናል፤ እናት ነሽ፣ ፍርሃትሽን አልንቅም። ፊት ለፊት «አልፈልግም» ብትዪው ግን ይጣላሽ ነበር፣ በቃ። እኔ ትምህርት ስተው በስልክ «የፈለግሽውን ሁኚ፣ ውሸት ብቻ አትንገሪኝ» ያልሽኝ ማን ነበረች?

አሁን ሦስት ቀን ሙሉ ለነዛ ሕግ አውጪዎች ደብዳቤ እየጻፈ ነው። ማን ያነብልሃል አልኩት።

«እናቴ ናታ፣ ፊታቸው ቆማ። እሷ ስትናገር ሰው ያምናታል።»

 ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ሊልክልሽ ነው።

ቪዲዮው በቸርቹ ልጆች ስልክ እየዞረ ነው። ዝም ያልኩት ካንቺ አፍ ይስማው ብዬ ነው። ሲመለስ የሚይዘውን ልብስ ሁሉ አጥቦ አጣጥፏል፤ ፓስፖርቱን እንዳይመለስ አድርጊ ስላልሻት እናቴ ሳጥን ውስጥ እንደቆለፈችበት ግን አልነገርኩትም።

ጌታ ጉልበትሽን ይፈውስልሽ፤ እውነት የሚናገር አፍም ይጨምርልሽ።

የእህትሽ ልጅ

ሳይመሽ ደውዪ። በኛ ምሽት ነው የምልሽ፣ በናንተ አይደለም። ለኔ ሳይሆን ለሱ።