በዌንሃቨን የጠጠር ዳርቻ ስለ ተነቀለው የባሕር ጎመን

ለተከበሩ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ላምበርን
የዌንሃቨን መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ከእኔ ጋር ጠጠር ላይ ተንበርክኮ የባሕር ጎመን ሲቆጥር የኖረ ጉልበት ነውና ደኅንነቱ ዛሬም ያሳስበኛል። እኔ ደኅና ነኝ፤ በጭስ የማደርቀውን ዓሣ እንደ ወትሮው እሸጣለሁ። ደብዳቤውን በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ምክር ቤቱ የተዘጋ ፖስታ ለመክፈት ጊዜ እንደሚያጥረው ስለማውቅ ነው። ቀኖቹን ሁሉ የወሰድኩት ከዕለት ማስታወሻዬ ነው፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ከጀልባዎቹ ወደ ማጨሻዬ ዓሣ የማመላልስበት አርባ እርምጃ አቋራጭ፣ በጠጠሩ መካከል የሚበቅለውን ይህን የዱር ጎመን እየገደለ መሆኑን አስረዱኝ። በጠጠሩ መካከል ያለችው ጥቂት አፈር ለመጠራቀም ብዙ ትውልድ እንደሚፈጅባት፣ አንዴ ከተገለበጠች የልጅ ልጆቻችንም እንደማያገኟት ነገሩኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ የወታደር መኪና ያለፈበት ፈለግ ዛሬም ራቁቱን መቅረቱን በጣትዎ አሳዩኝ። ነጋዴ ነኝና ሰው በቀላሉ አላምንም፤ ያን ቀን ግን አመንኩ። በመንገዴ ላይ ገመድ ወጠሩ፣ በራስዎ እጅ የጻፉትንም ሰሌዳ ሰቀሉ፤ «ይህ ተክል የሚጠበቅ ነው። እባክዎ አይርገጡ፤ በሌላ በኩል ይዙሩ።» በሌላ በኩል አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ስድስት ዓመት በዝናብም በነፋስም የእጅ ጋሪዬን እየገፋሁ ዞርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ አምብሮዝ ጋሮድ። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ አባቱና አያቱ ጀልባ ሲጎትቱበት የኖሩትን ቦታ አለቅም ባለ ጊዜ፣ «ቴልማ፣ አንቺ ንገሪው። እኔን አይሰማም፣ አንቺን ግን ያምናል» አሉኝ። ነገርኩት። «ለጎመን ብዬ? ጎመኑ መረብ ይጎትትልኛል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆየት ብሎ ግን፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ ይሁን፣ ልጄ» አለና ጀልባውን ወደ ሰሜኑ ጫፍ አዛወረ።

ሦስተኛ፣ መጋቢት ሦስት ቀን ማለዳ ዶዘር መጣ። ለካ በሐምሌ የቆንጆ መንደሮች ውድድር ዳኞች ስለሚጎበኙን በጠጠሩ ላይ የበቀለው «አረም» እንዲጠረግ ተወስኗል። ዶዘሩ የወረደው በአምብሮዝ የአባቶች መንገድ ነው። በጎመኑ ቦታ ቀይ አበባ የተተከለባቸው አሥራ አንድ ግማሽ በርሜሎች ቆሙ፤ አበቦቹን የባሕሩ ነፋስ በዘጠኝ ቀን ጨረሳቸው። በርሜሎቹ ግን፣ ምስጋና ይግባዎትና፣ አሁንም ቆመዋል።

አራተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩ። ውሳኔው የተላለፈው የካቲት መጨረሻ ሐሙስ ዕለት ነው፤ «አረም» የሚለውን ቃል ያስመዘገቡትም እርስዎ ነዎት። ከዚያ ሐሙስ በኋላ በነበረው ሰኞ ግን እንደ ልማድዎ መጥተው ከእኔ ጋር ተንበረከኩ። ጣቶቼ በብርድ ስለ ደነዘዙ በማስታወሻዬ ላይ «መቶ አሥራ ሁለት ሥር» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ሲለዩኝም «ሰኞ እንገናኝ፣ ቴልሚ» አሉኝ። ያን ቀን የቆጠርነው ለማን እንደ ነበር ቢገልጹልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ለዶዘሩ ሹፌር ከነበረ ቢነግሩኝ ኖሮ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እጽፍለት ነበር።

አምብሮዝ ጠዋት ጠዋት በሱቄ ደጅ ሲያልፍ ቆቡን ከፍ አድርጎ «እንደምን አደርሽ፣ የጎመን ዘበኛ!» ይለኛል። ይህን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ትናንት ነው፤ ቆቡን ሳያነሳ፣ ሳይስቅም፣ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር አልኩት። «እሺ» ብሎ ሄደ፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።

ዶዘሩ በግንቦት መጀመሪያ ሰኞ ወደ ደቡቡ ዳርቻ እንደሚመለስ ሰምቻለሁ። እዚያ ስልሳ አራት ሥር ቀርቷል። ውሳኔው እንዲሻር በትሕትና እለምናለሁ፤ ባይሻር ግን እኔና ጋሪዬ ያን ሰኞ ማለዳ በዚያው መንገድ መካከል ቆመን እንጠብቅዎታለን። እርስዎም የለመዱት ቀን ነው።

ደግነትዎን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግባ የያዘች፣ በቀድሞ ስሟ «ቴልሚ»፣
ወይዘሮ ቴልማ ኪብል
የዓሣ ነጋዴ

ማሳሰቢያ፦ ከዳርቻው የተጠረገው ጠጠር በምክር ቤቱ አዳራሽ ደጃፍ መነጠፉን እርስዎም ያውቃሉ። የባሕር ጎመን ከቁራጭ ሥሩም እንደሚያቆጠቁጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠዋት ልክ በዋናው በር ፊት ሦስት ሐምራዊ ቡቃያዎች አገኘሁ። ስለዚህ ያንን የቀድሞ ገመድዎን ወጥሬ፣ በእጅዎ የተጻፈውንም ሰሌዳ ሰቅዬልዎታለሁ። እባክዎ አይርገጡ፤ በኋላው በር ይዙሩ። ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ብቻ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።